ራሱን የሚዘጋው በር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ገና ብዙ ሳይርቅ፣ ታንጉት የምትባል እመጫት ከሸክላ ሰፈር ተነስታ ወደ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባች። ሰፈሩ ሲፈርስ ባሏ ደምሴ የጭነት መኪናውን ይዞ ጠረፍ ነበር። ስለዚህ ተሸካሚዎቹን እየመራች፣ የአርባ ቀን ልጇን አቅፋ፣ ደረጃውን የወጣችው ብቻዋን ነው። ልጅቱ ገና ክርስትና ስላልተነሳች ለጊዜው ሚጣ ትባላለች።

በአዲሱ ቤት ታንጉትን ከሁሉ በላይ ያስደሰታት በሩ ነው። የሸክላ ሰፈሩ በር ቆርቆሮ ነበር፤ የሚዘጋው በሽቦ፣ የሚከፈተው በዳሌ። የአሁኑ ግን ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ራሱ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ ከውጭ ያለ ቁልፍ አይከፈትም።

«እንዲህ ያለ በር ያለው ሰው ምን ይፈራል?» አለች ለባሏ በስልክ። ደምሴም በሩ እንዲህ ከሆነ ሐሳቡ ሁሉ እንደተቃለለ ነገራት። በዚህ አነጋገር ማንም ስህተት አላገኘበትም።

እኛ የብሎኩ ነዋሪዎች ሥርዓት ያለን ሰዎች ነን። ኮሚቴ አለን፤ ቃለ ጉባኤ አለን። ከምድር ቤት በላይ ሙቀጫና ዘነዘና መጠቀም ክልክል መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወስነናል። ከታንጉት ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ማንጠግቦሽ በርበሬ እየወቀጡ ስላስቸገሩ ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ሁለቱንም አጣጥፈው ለሚወላገድ ጠረጴዛ እግር ማስደገፊያ አድርገዋቸዋል።

በስተቀኝ ያሉት ጎረቤት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ጸጥታና ንጽሕና የሚወዱ ሴት። ታንጉት በገባች በሦስተኛው ቀን የወለል ውሃ በደጃፋቸው ለቀቀችና ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ቀረ። ከታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ፀዳለ አለች። የስፌት መኪናዋ ብሬከሩን እየጣለ ስላማረራት፣ ምድር ቤት ካለው የቆጣሪ ሳጥን ጋር ከማንኛችንም የበለጠ ትውውቅ አላት። ከታንጉት ጋር ግን አይተዋወቁም፤ «የላይኛዋ» ነው የምትላት።

የሐምሌ ወር ነበር። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ የሚጣ ጨርቆች አልደርቅ ስላሉ፣ ታንጉት ከኤሌክትሪክ ምድጃዋ በላይ ገመድ ወጥራ ሰቀለቻቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ወለል ላይ ካለው ፍራሽ አስተኝታ፣ አጥሚት ጥዳ ሳለ ፀሐይ ብልጭ አለች። ሳምንት ሙሉ ያላየቻትን ፀሐይ ማሳለፍ አልሆነላትም። ብርድ ልብሱን ይዛ ወጣችና በኮሪደሩ ብረት ላይ አሰጣችው። ነፋስ መጣ። በሩም ሥራውን ሠራ፤ ቀጭ።

ቁልፉ ውስጥ ነው። ስልኩ ውስጥ ነው። ልጅቱ ውስጥ ናት።

ታንጉት መጀመሪያ ያደረገችው በሩን በዳሌዋ መግፋት ነበር። አንድ ጊዜ ገፋች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ጨርቅ ሲያር ሸተታት። ያን ጊዜ ኡኡ አለች።

በሸክላ ሰፈር ኡኡታ ከተሰማ ሰው ይሮጣል፤ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ከተደረሰ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ አሠራሩ ሌላ ነው። ኡኡታው እንደተሰማ ከላይ እስከ ታች በሮች ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። ብሎኩ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ አንድነት ታይቶበት አያውቅም። አንዳንዶቻችን የባልና ሚስት ጠብ መስሎን ነው፤ በሰው ትዳር መግባት ደግሞ ነውር ነው። አንዳንዶቻችን ሌባ መስሎን ነው፤ ሌባ ደግሞ አደገኛ ነው። የቀረነው ኳስ እያየን ነበር።

የወጡት ሦስት ሴቶች ናቸው።

ወይዘሮ አስካለ በራቸውን ገና ከፈት ከማድረጋቸው ታንጉት በሥራቸው ሾልካ ገባች። ሳሎኑን አቋርጣ ወደ በረንዳው ሮጠች። ከዚያ በረንዳ እስከ ራሷ በረንዳ አንድ እርምጃ ከግማሽ ነው፤ ከሥር ያለው አራት ፎቅ አየርና አንድ የጋራ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። አንድ እግሯን ከብረቱ ባሻገር አሳልፋ ሳለ ወይዘሮ አስካለ ከኋላ ወገቧን ጥምጥም አድርገው ያዟት።

«ይልቀቁኝ፣ ልጄ ውስጥ ናት።»

«አለቅሽም።»

«እነክስዎታለሁ።»

«ንከሺኝ።»

ነከሰቻቸው። አለቀቁም። ጥርሷ ዛሬም ክንዳቸው ላይ ይነበባል።

ፀዳለ ከታች ሆና «ልጄ፣ ምድጃው» የሚል ጩኸት ሰማች። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ላይ ይሮጥ ነበር። እሷ ወደ ታች ሮጠች። የሳጥኑን ክዳን ገነጠለችና የአራተኛ ፎቁን ብሬከር ፈለገች፤ ቁጥሮቹን ግን ዝናብ አጥቧቸዋል። ስለዚህ ሁሉንም አወረደቻቸው። ብሎኩ በሙሉ እርጭ አለ።

ኡኡታ ያላወጣንን የመብራት መጥፋት አወጣን። ደረጃው በአንዴ በሰው ሞላ።

«ማነው ያጠፋው?» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደርበው።

«እኔ ነኝ።»

«ኳሱ ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው?»

«ልጅ ልትቃጠል ነው።»

«የማን ልጅ?»

«እንጃ። የላይኛዋ።»

አቶ ደርበው ጉዳዩ ይጣራ አሉ። ፀዳለ ግን ማንም መልሶ እንዳያበራ ሳጥኑን በጀርባዋ ደግፋ ቆማ ነበር፤ የሚገፋትም፣ የሚሰድባትም አልጠፋም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ ሲወጡ ባዶ እጃቸውን አልወጡም። ሁለት ማስጠንቀቂያ የተጻፈበትን ያንኑ ዘነዘና ይዘው ወጡ። አንዴ ሲመቱት በሩ ጮኸ። ሁለተኛ ሲመቱት ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ከነመዝጊያው ወደ ውስጥ ወደቀ። በጭሱ ውስጥ በእጃቸው እየዳበሱ ገብተው፣ ሚጣን በቀሚሳቸው ጠቅልለው አወጧት። ልጅቱ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ አስነጠሰች። ከዚያ አለቀሰች፤ ወይዘሮ አስካለም ያን ጊዜ ብቻ እጃቸውን ፈቱ።

ሚጣ ተረፈች። ድምፅዋ ግን ጎርነን አለ፤ ጠዋት ጠዋትም ታስላለች። የጤና ባለሙያዋ ሳምባዋ ደህና ይመስላል፣ ለማንኛውም ትመላለስ ብላለች። «ይመስላል» የሚለውን ቃል ታንጉት በቀን ስንት ጊዜ እንደምታነሳው እኛ በግድግዳው በኩል እንሰማለን።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ተረት ባልሆነ። ለሚጣ ክርስትና እናት ትሆናለች ተብላ የታጨች የሸክላ ሰፈር ሴት ነበረች፤ እሷ ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ደርሷት ሄዳለች። ሰማንያው ቀን ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ደወለች። «ታንጉትዬ፣ ጉልበቴ ታሟል፤ በሦስት ታክሲ እዚያ አልደርስም። ከጎረቤትሽ አንዷን ያዢ» አለች።

ወሬው ደረጃውን ከማንም ቀድሞ ወረደ። በማግስቱ ሦስቱም ሴቶች ታንጉት ቤት ተገኙ።

«ከእሳት ያወጣኋት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «ክርስትና እናት ማለት ልጅ የምትቀበል ናት። እኔ አንዴ ተቀብያታለሁ።»

«በሩ ሲወድቅ ከራሷ አንድ ስንዝር ነው የቀረው፤ ስንጥሩን ከፍራሹ ሥር አይቼዋለሁ» አለች ፀዳለ። «ደግሞስ የሚነድ ምድጃ ቢሆን ኖሮ በምን ሊገቡ ነበር፣ እትዬ? ቤቱን ያበረድኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አምፖሉንም አብረሽ አጠፋሽብኝ። ልጅቱን ስዳብስ የባከነው ጊዜ ሁሉ ሳምባዋ ውስጥ ነው ያለው።»

ወይዘሮ አስካለ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ክንዳቸውን አሳዩ። «እናንተ ልጅ አተረፋችሁ። እኔ ለልጅቱ እናት አተረፍኩላት።»

ታንጉት ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ለብዙ ቀን በሆዷ የያዘችውን ተናገረች፤ «እኔ እኮ እሻገር ነበር፣ ወይዘሮ አስካለ። አንድ እርምጃ ነበር። ብሻገር ኖሮ ይህን ያህል ባላሳለች።»

«ብትወድቂስ?»

እኛም በኋላ ርቀቱን በገመድ ለክተነዋል። የለካነው ሁሉ አይሻገርም አልን፤ ከእኛ መካከል ግን ልጁ ውስጥ የተቆለፈበት ሰው አልነበረም።

ጉዳዩ ክብደት ስላለው ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። በኡኡታው ሰዓት በሩን የቆለፈ ሁሉ ተገኝቶ ሐሳብ ሰጠ። ዘነዘና በአራተኛ ፎቅ ላይ ስለዋለ ለእትዬ ማንጠግቦሽ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ፀዳለ ያለ ፈቃድ ሳጥን እንዳትነካ ተመከረች። ለወይዘሮ አስካለ የምስጋና ደብዳቤ ሊጻፍ ሲል አንድ ሰው የነከሰቻቸው ትጠየቅ አለና ደብዳቤው በይደር ቀረ። ክርስትና እናትነቱን በሚመለከት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እስካሁን አልተሰበሰበም።

ታንጉት ለደምሴ ደወለች።

«አንዷን ከያዝኩ ሁለቱ ይቀየሙኛል።»

«ይቀየሙ እንግዲህ። ምን ያመጣሉ?»

«ምንም አያመጡም። ኡኡ ስል የሚወጣልኝ ግን እነሱ ብቻ ናቸው። ሌላውን ሰው ሲቆልፍ ሰምቼዋለሁ፣ ደምሴ። አንድ በአንድ ሰምቼዋለሁ።»

ደምሴ ስለ በሩ ጠየቀ። በሩን አናጢ ጠጋግኖ መልሶታል፤ መቆለፊያው ግን አልሠራ ስላለ ታንጉት ሽቦ አስራበታለች። ስትገባ በዳሌዋ ትገፋዋለች። ነፋስ ሲነካው ብቻ ብድግ ትላለች።

ሰማንያው ቀን ደረሰ። ታንጉት ነጭ ለብሳ፣ ልጅቱን አቅፋ፣ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ማንንም አልጠራችም። ሦስቱም ግን ከደጁ ቀድመዋት ቆመው ነበር፤ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እያንዳንዳቸው የገመዱትን ማተብ በመዳፋቸው ጨብጠው። ወይዘሮ አስካለ ሳል እንዳይነሳባት ብለው ትንሽ የሱፍ ኮፍያ ይዘዋል። ፀዳለ ሌሊቱን የሰፋችውን ቀሚስ ይዛለች። እትዬ ማንጠግቦሽ ከማተቡ በቀር ምንም አልያዙም፤ እጃቸው ግን ተዘርግቷል።

«ክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ ቄሱ።

ሦስቱም አንድ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«አንዲት ብቻ» አሉ ቄሱ።

ሚጣ አሳለች። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊያቅፏት ጎንበስ አሉ፤ ታንጉትም ልጇን ወደ ደረቷ አጠበቀቻት። ከነዚህ ሴቶች ሁለቱ ዛሬ ባዶ እጃቸውን ወደ ብሎኩ እንደሚመለሱ፣ ማታም በራቸው ቀጭ ሲል እንደምትሰማው ታውቃለች።

«ልጄ» አሉ ቄሱ በቀስታ፣ «ውሃው ቀርቧል።»

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። ስትከራከሩ ብቻ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ሦስቱም ሴቶች ሰው ሲጮህ የሚሰሙ ናቸው። ልጅቱን መቀበል ለማን ይገባል? እናቷን ይዛ ላስቀረችላት፣ እሳቱን ላጠፋችላት፣ ወይስ በሩን ለሰበረችላት?