ማንም የማያውቀው የጀርመን ብዕር

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ራፖር መጻፍ ነው። በፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከጃንጥላ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ሁሉ አቤቱታ ይጽፋል። ከተማዋን አልጠራትም። ከመካከላችሁ የዚያ አገር ሰው አይጠፋም፤ ስብከቱ ሳያልቅ ስልክ ይደውልልኛል። ሰውየውን ብቻ ልሳነወርቅ እንበለው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ክስ ሲጽፍ የኖረ ሰው ምን ይሆናል? ተጠራጣሪ ይሆናል። "ደኅና አደርክ?" ሲሉት "ምን ፈልጎ ነው?" ይላል በልቡ። ሚስቱ ወይዘሮ አምሳለ ወጡን አጣፍጣ ካቀረበች "ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?" ብሎ ማንኪያውን ያስቀምጣል። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ተረት አለችው፤ "ጠርጥር! ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።"

አባቶቻችን ያሉት ነው፣ ሐሰት ነው አልልም። ስንጥር ያለበት ገንፎም አለ። ግን ምእመናን፣ ስንጥር ሲፈልግ ገንፎው የቀዘቀዘበት ሰው ስንት ነው?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ እኅቱ ዘነበች ወደ ጠረጴዛው መጣች። ከቦርሳዋ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ፊቱ አኖረች።

"ወንድም ጋሼ፣ ይርዳው ነው የላከልህ። እስከ እሑድ እጁን ያለማምድበት ብሎሃል።"

ይርዳው ማነው? የልሳነወርቅ ታናሽ ወንድም ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልሳነወርቅ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ተካሰሰ። ይርዳው ምስክር ሆኖ ተጠራ፣ ማለ፣ "አጥሩን የገፋው ወንድሜ ነው" አለ። እውነት ነው ወይስ ሐሰት? እውነት ነው! ልሳነወርቅም ያውቃል። የሚያንገበግበውም እሱ ነው፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይቅር ለማለት ይቀለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ በፋሲካ እንኳ ተጠያይቀው አያውቁም።

ልሳነወርቅ ጨርቁን በጣቱ ጫፍ ገለጠው። ብዕር ነው። ጥቁር ነው፣ የሚያብለጨልጭ ነገር የለበትም። ጅራቱን ሲያሽከረክሩት ቀለም የሚመጥ፣ ወገቡ ላይ የቀለሙ ልክ የሚታይባት ጠባብ መስኮት ያለችው የቀለም ብዕር ነው። የክዳኑ ቀለበት ላይ በጥቃቅን ፊደል "ኦስተርሪድ፣ ጀርመን" ይላል።

ኦስተርሪድ! ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም ነበር። ልሳነወርቅም አልሰማም።

"ሌላም መልእክት አለኝ፤ የእሑዱ ነገር..." አለች ዘነበች።

"ይበቃል! ብዕሩ ይበቃኛል። አለ ነገር! ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ ዛሬ ብዕር?"

እኅቱ አንገቷን ደፍታ ሄደች። እሑድ የይርዳው አንድያ ልጅ ብርክታዊት እንደምትዳር ልሳነወርቅ ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የጥሪ ካርድ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ደርሷል። ለእሱ አልደረሰም። ብርክታዊትን ልጅ ሳለች በትከሻው ተሸክሞ ጥምቀት ያወረዳት እሱ ነበር። ካርድ አለመምጣቱ አንጀቱን ቆርጦታል፤ ለሚስቱ ግን "ቢልክልኝም አልሄድ!" ይላታል።

እንግዲህ ምርመራው ተጀመረ። መጀመሪያ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ሄደ። ሻጩ ብዕሩን አገላብጦ፣ "ፓርከር ቢሆን በዓይኔ አውቀው ነበር። ይኼን እንጃ። ስም የለውም" አለ።

"አላልኩም! ጥሩ ዕቃ ቢሆን ስሙ አይሰማም ነበር?"

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣለት። ራፖር ጸሐፊ አይደል? ጽፈውበት ከወር በኋላ ድራሹ የሚጠፋ ቀለም እንዳለ ሰምቷል። ስሙን በወረቀት ላይ ጻፈና ግማሹን ቆርጦ ሳፋ ውኃ ውስጥ ነከረው፣ ግማሹን ቆርቆሮው ላይ በድንጋይ ጭኖ ለፀሐይ ሰጠው። ሦስት ቀን ጠበቀ። ውኃ ውስጥ ያለው አልለቀቀም። ፀሐይ የመታው ይብሱን ጠቆረ።

ተደሰተ? ኧረ የት! "ይኼማ የባሰ ነው" አለ ለአምሳለ። "የማይለቅ ቀለም ምን አድርጎ ይሰጠኛል? አንድ የሚያስፈርመኝ ነገር አለ። ሰው ብዕር የሚያቀብልህ ፊርማህን ሲፈልግ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት ይኼንን ነው!"

"አንተ ሰውዬ፣ ለምን ሄደህ አትጠይቀውም?"

"ምን ብዬ?"

"ምን ፈልገህ ነው ብለህ ነዋ!"

መጠርጠር ይቀላል፤ መጠየቅ ግን ደጅ ያስረግጣል።

ዓርብ ዕለት አንድ ባለጉዳይ መጣ። የልሳነወርቅ እስክሪብቶ አለቀበትና ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። ራፖር በሦስት ኮፒ እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለባላጋራ፣ አንዱ ለባለቤቱ። በመካከሉ ካርቦን ይገባል፤ ሦስተኛው ወረቀት ላይ እንዲወጣ አጥብቆ መጫን ነው። ልሳነወርቅም እንደ ልማዱ ካርቦኑን አነባብሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ተጫነው። ብዕሩ ሲጥጥ አለ። ጫፉ ላይ ያለችው፣ መካከሏ የተሰነጠቀች ወርቃማ ብረት እንደ ሹካ ተከፈተች። ቀለሙ "ክቡር ፍርድ ቤት" በሚለው ላይ ተረጨ።

"ይኸው!" ብሎ ጮኸ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። "ይኸው ስንጥሩ! የተበላሸ ዕቃ ልኮ ሊሳለቅብኝ!"

እስኪ ንገሩኝ፣ ማን ነው ብዕሩን ያበላሸው?

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብዕሩን በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠውን የወንድሙን ግቢ ረገጠ። ወጣቶች ዳስ ይጥላሉ፣ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሲያዩት ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ይርዳው በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ከመቀመጫው ሊነሣ ሲሞክር ልሳነወርቅ ቀደመው።

"አትነሣ! ዕቃህን ልመልስ ነው የመጣሁ። እንካ ውሰድ!"

ይርዳው እጁን ዘረጋ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ብዕሩን ተቀበለ፣ ክዳኑን ሊከፍት ታገለ፣ ክዳኑ አምልጦት ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ልሳነወርቅ ጠጋ አለ። "እጅህ... እጅህ ምን ሆነ?"

"ሁለት ዓመቱ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሐኪሞቹ አይድንም ብለውኛል። ብረት የምቀርጽበትን ቶርኖ ቤትም ዘጋሁት። ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"በየት በኩል ልንገርህ?"

ልሳነወርቅ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አነሣ። ይርዳው የተከፈተውን ጫፍ ወደ ብርሃን አቅርቦ አየና "ካርቦን አድርገህ ጻፍክበት?" አለ።

"ታዲያ በምን ልጻፍ?"

ይርዳው ሳቀ። ልሳነወርቅ ይህን ሳቅ ከሰማው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። "ይኼ እኮ እስክሪብቶ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። አይጫኑትም። ቶርኖ ያስተማረኝ ጀርመን አለቃዬ፣ እኔና አንተ ከተጣላን ወዲህ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሰጠኝ፤ እጄ እስኪታመም ሰባት ዓመት ስጽፍበት አንድ ቀን አላስቀየመኝም። ወር ሙሉ ብትረሳው ወረቀት እንደነካ ይጽፋል። ስሙን ማንም አያውቀው፤ ስለዚህም ማንም ሰርቆኝ አያውቅም። እኔ እንዳላቃናው እጄ አይረጋም። አንተ ያዘው፣ እኔ ልንገርህ። በጥፍርህ ከሥር ደግፍ። ቀስ... ቀስ በል..."

ትልቁ ወንድም በትንሹ ወንድም ቃል እየተመራ ያጎበጠውን አቃና። ወረቀት አመጡለት። አስነካው እንጂ አልተጫነውም። ቀለሙ ወረደ፤ ፊደሉ ወፍሮም ቀጥኖም ተዋበ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲጽፍ የገዛ እጁ ጽሕፈት እንዲህ ሲያምር አይቶ አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ግን ጥርጣሬው ገና አልሞተም።

"እሺ፣ ምን ፈልገህ ነው?"

"ፊርማህን።"

ልሳነወርቅ በልቡ አለ፦ አላልኩም!

"ነገ ብርክታዊት ጋብቻዋን ስትፈርም በእኛ በኩል የመጀመሪያው ምስክር አንተ ነህ።"

"እኔ? ካርድ እንኳ ያልላክህልኝ?"

"ለአባት ካርድ ይላካል እንዴ?" አለ ይርዳው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ያኔ እኔ መሰከርኩብህ። አሁን አንተ መስክርልኝ።"

ልሳነወርቅ በወንድሙ አንገት ላይ ወደቀ፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዳስ የሚጥሉትም ሥራቸውን ትተው ቆሙ። እሑድ ዕለት በዚያ በማይለቀው ቀለም፣ ሳይጫን፣ ስሙን ጻፈ።

ምእመናን፣ ሰውየው የጠረጠረው ትክክል ነበር! ፊርማውን ፈልገው ነበር። ብዕሩንም ስም የለውም ማለቱ ትክክል ነበር። ሁሉን ትክክል ጠርጥሮ፣ የወንድሙን ፍቅር ብቻ ሳያየው ሊቀር ምንም አልቀረውም።

እናንተስ? በሳፋ ውኃ የነከራችሁት ስጦታ የማን ነው? አማታችሁ የላከችው ሙክት ነው? የቢሮ ባልደረባችሁ "ይቅርታ" ያላችሁ ዕለት "አለ ነገር" ያላችሁት ነው? የታወቀ ስም ያለው ሰው ቢያቅፋችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ፤ ስም የሌለው ቢያቅፋችሁ ኪሳችሁን ትዳስሳላችሁ። አውቃችኋለሁ። እኔም ከእናንተ ነኝ፤ እኔም ዳስሻለሁ።

እግዚአብሔርንም እኮ እንዲሁ ነው የምናደርገው። በነፃ ሰጠን፤ እኛ "ምን ፈልጎ ነው?" እያልን ጸጋውን ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው። ፈልጎስ ቢሆን? አዎ፣ ፈልጓል። በልጁ ሰርግ ላይ የእናንተ ስም ተጽፎ እንዲገኝ ፈልጓል።

ጥርጣሬያችሁን እዚህ ጥላችሁ ሂዱ አልላችሁም፤ ዛሬ የምትጥሉት አይመስለኝም። ይዛችሁት ሂዱ። ዘጠኝ ዓመት ወዳልረገጣችሁት በር ሂዱና "ምን ፈልገህ ነው?" በሉት። ተቆጥታችሁም ቢሆን ሂዱ። ልሳነወርቅም የሄደው ተቆጥቶ ነው።