የሃንድል ትርጉም

የሰፈሩ ቦኖ ውሃ ካቆመ ሰንብቷል። ሊቀመንበሩ አቶ ስንሻው ግን ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከረባታቸውን አስተካክለው፣ «አይዟችሁ፣ ሃንድል እናደርገዋለን» ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ልብስ አጣቢ ይህንኑ ስትሰማ ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ ሰውዬው ደማቸው ፈልቶ። «እንግሊዝኛ የት ታውቂና! እስቲ ትርጉሙን ለሕዝቡ ንገሪ፤ ካላወቅሽ ግን ሁለተኛ እዚህ አፍሽን እንዳትከፍቺ!»

እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች።

«ኧረ ጌታዬ፣ ይህንንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሃንድል ማድረግ ማለት ጀሪካን ተሸክሞ ወንዝ መውረድ ነው። እርስዎ ቃሉን ካመጡልን ወዲህ ሌላ ሥራ መች አለን? ነገም በማለዳ እንወርዳለን። ጀሪካኑን እኔ አውስዎታለሁ፤ ብቅ ይበሉና አብረን ሃንድል እናድርገው።»