ጠርጥሬና አያ ጨዎ

«ተረት መጣ!» ስላችሁ «ይግባ!» በሉኝ። እሺ፣ ገባ።

ድሮ፣ ድሮ፣ በቆላው አገር አያ ጨዎ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ ነበር። ከዳሩ ላይ ለምለሜ የምትባል ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ትኖር ነበር። የምትጠጣው ዝናብ ብቻ ነው። አያ ጨዎ መሬቷን ይመኛል። እሷ ከሞተች ጭቃውን የሚይዝ ሥር የለም፤ ሜዳው ሁሉ የእሱ ይሆናል።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። አያ ጨዎ ሹልክ ብሎ መጣ።

«እመት ለምለሜ፣ ጎረቤት እያለሽ ለምን ትጠሚያለሽ? ጠጪ እንጂ!»

«ያለልማድህ ደግነት ከየት አመጣህ?» አለችና ሥሯን ሰበሰበች። እንደሰበሰበች ደርቃ ቀረች።

ልጇ በቀለች። አያ ጨዎ መጣ።

«እናትሽን የገደላት ጥርጣሬ ነው። አንቺስ ጠጪ።»

ልጅቱ ፈራችና ጠጣች። ደግማ ደጋግማ ጠጣች። ጨዉን ግን የምታደርግበት አጣች። ቅጠሏ አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ሞተች።

የልጅ ልጇ በቀለች፤ ስሟ ጠርጥሬ። የአያቷና የእናቷ ደረቅ ግንድ ግራና ቀኝ ቆሟል። «እምቢ ብል ጥም፣ እሺ ብል ጨው። ምን ይሻለኛል?» እያለች ስታሰላስል አያ ጨዎ መጣ።

«ጠጪ፣ የኔ ልጅ።»

«እጠጣለሁ አያ ጨዎ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው።»

ጥቂት ቀመሰች። ጨዉን ለየችና ወደ ታችኛው አሮጌ ቅጠል ሰደደችው። ቅጠሉ ወፈረ፣ ቀላ፣ ሐይቁ ውስጥ ዱብ አለ። ደግሞ ቀመሰች፤ ሌላው ዱብ አለ። ሠለሰች፤ አሁንም ዱብ!

አሁን የጠረጠረው አያ ጨዎ ሆነ።

«ምንድን ነው የምትጥዪው?»

«ጨውህን ነዋ! ውኃውን ያመጣህበትን ዕቃ መመለሴ ነው። የጎረቤት ዕቃ ይመለሳል እንጂ ይቀመጣል?»

አያ ጨዎ በንዴት ተነሥቶ ዳሩን መታው። ጠርጥሬ ግን ሥር ሰዳ ነበር። ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ። ቅጠላቸው ከትውልድ ትውልድ እየጠበበ፣ ሥራቸው እየበዛ ሄደ። ጭቃውን ጨብጠው ሜዳውን አሰፉት። አያ ጨዎ ሸሸ፣ ሸሸ፤ ፀሐይ ጀርባውን አደረቀችው። ዛሬ ሰው አሞሌ ብሎ በመጥረቢያ ይፈልጠዋል።

አያችሁ ልጆች? ጠርጥሬ ስንጥር ፈርታ ገንፎውን አልደፋችም፤ ገንፎ ነው ብላም ስንጥሩን አልዋጠችም። ለዚህ ነው አበው «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር» የሚሉት።

እኔ ተረቴን በተንኩ፤ የሰማ ይልቀመው።