ከኋላ የቀረ የጅብ ነው

አንድ ጊዜ ሰማዩ ዝናብ ነሥቶ፣ ምንጩ ሁሉ ደርቆ፣ የአራዊቱ ምላስ ከላንቃቸው ተጣበቀ። አንበሳ ዋርካ ሥር ጉባኤ ጠራና «ነገ ጎህ ሲቀድ ውሃ ፍለጋ እንወጣለን» ሲል አወጀ። የአራዊት የጉዞ ሕግ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ ከኋላ የቀረ የጅብ ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ማን እንደሚወደው ግን ሁሉም ያውቃል።

ጅብ ወዲያው አህያን አየት አደረጋት። አህያ ዓይኗ በበሽታ ከጠፋ አራተኛ ዓመቷ ነው።

«ጌታዬ፣ ይህችን ዕውር ለምን እናንከራትታት? ለእኔ ተዉልኝ፤ በክብር እሸኛታለሁ» አለ ምራቁን እየዋጠ።

«ወደ ሆድህ ነው የምትሸኘኝ አያ ጅቦ?» አለች አህያ። «እኔም እሄዳለሁ። እግሬ እንደሆነ አልታወረም።»

ቀበሮ ወደ ጅብ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ምን አስቸኮለህ? ትምጣ። ሥጋህ በገዛ እግሩ ይከተልሃል፤ ስትበላ ብቻ እኔን እንዳትረሳ» አለው። ጅብም ነገሩ ጣመው።

አህያ ግን ወደ ኋላ አልቀረችም። ከፊቷ የሚሄደውን የከርከሮ ኮቴ እያዳመጠች፣ ድንጋዩን በሰኮናዋ እየዳሰሰች ከመካከል ተጓዘች። ቀትር ላይ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ሲያቋርጡ ጅብ ጮኸ።

«ሐይቅ! ያውላችሁ ሐይቅ!»

እውነትም ከሜዳው ማዶ የሚያብረቀርቅ ነገር ይታያል። ሁሉም ተንጋጋ። አህያ ብቻ ቆመች። የረገጠችው አሸዋ ከሌላው ይቀዘቅዛል፤ አፍንጫዋን ዝቅ ስታደርግ እርጥብ አፈር ሸተታት።

«ቆዩ! ውሃው እዚህ ነው፣ ከአሸዋው ሥር!»

«አዬ እመት አህያ! እኛ በዓይናችን እያየን አንቺ በአፍንጫሽ ልትመሪን?» አለ ቀበሮ እየሮጠ።

ጅብም ዞር ብሎ «እዚያው ጠብቂኝ! ውሃዬን ልጠጣና እመለስልሻለሁ» አላት። ሐይቁን ብቻውን ሊጨርሰው አስቦ ከሁሉም ቀደመ።

አህያ ሕጉን ታውቃለች። ብትከተላቸው ሁሉም በጥማት ማለቃቸው ነው፤ ብትቀር እሷ መበላቷ ነው። ከዚያ መቆፈር ጀመረች።

ሐይቅ ያሉት ግን በቀረቡት ቁጥር ይሸሻል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ አሸዋው ተመለሱ። አህያ ሰኮናዋ ተሰንጥቆ ይደማል፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቷል። እሷ ግን ገና ትቆፍራለች፤ እንደ ኤሊ ያለ ትንሽ እንስሳም ሳይወድቅ እንዲወርድ ዳሩን እያሰፋች ነበር።

አንበሳ ጠጥቶ ሲረካ ቀና አለ። «ዕውር ሆነሽ እዚህ መድረስሽ ብቻ ጀግና ያሰኝሻል!»

«የለም ጌታዬ» አለች አህያ። «ማየት ሲሳነኝ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ከእንጨቱ ከድንጋዩ ተላተምኩ፣ ቀስ በቀስ በአፍንጫዬና በሰኮናዬ መኖርን ለመድኩ። ያን ለራሴ ብዬ ነው ያደረግሁት። ካመሰገኑኝ ስለ ዓይኔ ሳይሆን ስለዚህ ጉድጓድ ያመስግኑኝ። ስቆፍር ፈርቼ ነበር።»

አንበሳ አፍሮ አንገቱን ደፋ። በዚህ መካከል ጅብ እያለከለከ ደረሰ። ለሐይቁ ሲል ከሁሉም ርቆ ሮጦ ነበርና የመጣው ከሁሉም ኋላ ነው።

ቀበሮ በሳቅ ፈነዳ። «ከኋላ የቀረ የጅብ ነው! በል እንግዲህ አያ ጅቦ፣ ራስህን ብላ!»

ጅብ ጅራቱን ቆልፎ መሬት መሬት አየ። አህያ ከጉድጓዱ አፍ ፈቀቅ አለችለት። «ና ጠጣ። ለአንተም ይበቃል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በአንበሳ ትእዛዝ ሕጉ ተለወጠ፤ ከኋላ የቀረውን ሁሉም ቆሞ ይጠብቀዋል።

ከዚህ የምንማረው ጀግና የሚያሰኘን የጎደለብን ነገር ሳይሆን፣ በቀረን ነገር ለሌላው መትረፋችን መሆኑን ነው።