ስልጆና የንጉሡ መጋረጃ

ምግብ እምቢ ያላቸው አንድ ንጉሥ ነበሩ። ሐኪሞቹ ምላሳቸውንም ዓይናቸውንም አይተው ሕመም አላገኙባቸውም። ነገር ግን ማዕድ በቀረበ ቁጥር አንድ ሁለት ጊዜ ቀምሰው ገበታውን ይገፉታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ ይወድቅ ጀመር፤ ካባቸውም ሰው የለበሰው አይመስልም ነበር። ሕዝቡ ንጉሡን ይወድ ነበርና ተጨነቀ። እህል ያልገባበት ሆድ ስንት ቀን ይቆማል?

የወጥ ቤቱ አለቃ አዛዥ ይርጋለም ይባሉ ነበር። በሙያቸው የሚኮሩ፣ ትንሽም ቁጡ ሰው ናቸው። «ጃንሆይ የሰለቹት የእኛን ምግብ ነው። የዓለምን ምግብ ላምጣላቸው» አሉና ትልቅ መዝገብ አስጠርዘው፣ በሶ አስይዘው መንገድ ጀመሩ። ንጉሡም እስኪመለሱ ድረስ በአጥሚት ነፍሳቸውን እያቆዩ ጠበቋቸው።

አዛዡ ያልረገጡት አገር የለም። በፋርስ ከድስት ሥር ተፍቆ የሚወጣውን ጥብስ የሩዝ ቅርፊት በሉ። በቻይና ሊጥ በእጅ እየተሳበ እንደ ክር ሲቀጥን አዩ። በሕንድ ቅመም ከሚቆሉት ሴቶች አጠገብ ቆመው ሲያስነጥሱ ዋሉ። ባሕር ተሻግረው ሜክሲኮ ደረሱና በርበሬና ቸኮሌት አንድ ላይ ተፈጭተው ወጥ ሲሆኑ ቀምሰው «ይህን መጀመሪያ ያሰበው ሰው ደፋር ነው» አሉ። የእያንዳንዱን ምግብ አሠራር ከእጥበቱ ጀምረው ይጽፋሉ። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ መዝገቡን ይዘጋሉ።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ሊገቡ የአንድ ቀን መንገድ ሲቀራቸው ዝናብ ያዛቸውና ማንያህልሻል የምትባል አንዲት ባልቴት ቤት ገቡ። ቀኑ ረቡዕ ነው። ሴትዮዋ ያቀረበችው ስልጆ ነበር። አዛዡ ያን ሁሉ አገር ዞረው፣ ያን ሁሉ ጣዕም ቀምሰው መጨረሻቸው የባቄላ ዱቄት በመሆኑ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ከዚያ በሉ። ጠግበው «በቃኝ» ካሉ በኋላም በሉ፤ በመጨረሻ ቀበቷቸውን አላልተው በሉ። በነጋታው አሠራሩን ጠይቀው፣ በዓይናቸውም አይተው ጻፉ። ሱፉ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ ይፈላል፤ የባቄላው ዱቄት ይገባና እስኪወፍር ይማሰላል፤ ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበትና ተከድኖ እስኪጎመዝዝ ጥቂት ቀን ይቀመጣል። የመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ይህ ሆነ።

ቤተ መንግሥት ገብተው የዓለምን ምግብ አንድ በአንድ ሠሩ። ንጉሡ የፋርሱን ቀምሰው ገፉት፤ የቻይናውንም ገፉት። ባለ ቸኮሌቱን እንኳ ለማወቅ ያህል ቀምሰው ገፉት። አዛዡ በመጨረሻ ስልጆውን ሲያቀርቡ ልባቸው ሙሉ ነበር። እሱም ተመልሶ መጣ።

አዛዥ ይርጋለም በቅሏቸውን አስጭነው እየነደዱ ባልቴቷ ቤት ደረሱ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ደብቀሽኛል?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ምን እደብቅዎታለሁ? ባቄላውንም ሱፉንም በዓይንዎ አይተዋል።»

«ታዲያ ያንቺ ሲበላ የእኔ ለምን ተገፋ?»

«እሱንማ መጥቼ ካላየሁት በምን አውቃለሁ?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከራሷ ስልጆ በገንቦ ይዛ ተከተለቻቸው።

የማንያህልሻል ስልጆ በራሷ እጅ ተጨልፎ ለንጉሡ ገባ። ወጥ ቤቱ በሙሉ በር በሩን እያየ ጠበቀ። ብዙም ሳይቆይ ገበታው እንደሄደ ተመለሰ፤ ከዳሩ አንድ ሁለት ጉርሻ ብቻ ጎድሎበታል። አዛዡ ተስፋ ቆርጠው ቁጭ አሉ። ሴትዮዋ ግን የተመለሰውን ገበታ ትክ ብላ አየችው።

«ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» አለች።

«ንጉሥ ከማን ጋር ይበላል? መጋረጃ ተጥሎ ብቻቸውን ነው እንጂ! ዓይን እንዳይገባባቸው።»

«ብሉ የሚላቸውስ?»

«ንጉሥን ማን ያዝዛል?» አዛዡ ደነገጡ።

«እኔ ቤት የመጡ ቀን ስንቴ በቃኝ አሉ?»

አዛዡ በጣታቸው ቆጠሩ። «አራት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን በሉ?»

 እሳቸው ሲያስቡ ሴትዮዋ ገበታውን አንሥታ፣ አዳራሹን አቋርጣ፣ ማንም «እንዴ!» ሳይላት መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ንጉሡ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ማንያህልሻል ተንበረከከችና ከእንጀራው ቆርሳ፣ ስልጆውን ጠቅልላ፣ እጇን ዘረጋች።

«ጃንሆይ፣ ይቺን ብቻ።»

«በቃኝ።»

«በሞቴ!»

ንጉሡ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«በሞቴ አልኩ። አፈር ስሆን ይጉረሱልኝ።»

ንጉሡ ሳያስቡት አፋቸውን ከፈቱ። ሰናፍጩ ቀጥ ብሎ አፍንጫቸው ውስጥ ገባ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እሷ ሁለተኛውን እየጠቀለለች ነበር። «አንድ ጉርሻ ያጣላል ጃንሆይ፤ በኔ ሞት፣ ይድገሙልኝ» አለች። ደገሙላት።

በዚህ መካከል አጋፋሪው ጭራውን እየነሰነሰ ዘው ብሎ ገባ። «ንጉሥ ይሙት! ይህችን ደፋር ሳልገርፋት ባድር!» ብሎ ጮኸ።

ንጉሡ አፋቸው ሙሉ ስለነበር በእጃቸው አስቆሙት። አላምጠው ከዋጡ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ሰማችሁት? ሃያ ዓመት ዙፋን ላይ ተቀምጫለሁ። አገሩ በሙሉ የሚምለው በእኔ ሞት ነው። በሬ የጠፋበት ‹ንጉሥ ይሙት› ይላል፤ ድንበር የተገፋበት ‹ንጉሥ ይሙት› ይላል፤ ይኸው አጋፋሪዬም እኔን ለማክበር ሲገባ ሞቴን ጠርቶ ነው። በራሷ ሞት ምላ ‹ብሉልኝ› ያለችኝ ይህች ሴት ብቻ ናት።»

ይህን ብለው እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና «ሰናፍጩ ነው» አሉ። ማንም አላመናቸውም።

በዚያኑ ቀን መጋረጃው ወረደ። ባልቴቷ ለአጋፋሪውም ጉርሻ ጠቀለለችለት። አጋፋሪው መጀመሪያ ኮስተር ብሎ «አይገባም» አለ፤ «በሞቴ» ስትለው ግን አፉን ከፈተ። ንጉሡ ከሰው ጋር እየበሉ፣ ሰው እየለመናቸው፣ እሳቸውም ሌላውን እየለመኑ ወር ሳይሞላ ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ጠበቀ።

አዛዥ ይርጋለም መዝገባቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጡ። የፋርሷ አሮጊት ሳህናቸው በጎደለ ቁጥር ሳትጠይቅ እየሞላች እንዳስቸገረቻቸው አስታወሱ። ቻይናዊው ከራሱ ሳህን ምርጡን ሥጋ አንሥቶ በእሳቸው ሳህን ላይ አስቀምጦ ነበር። የሜክሲኮዋ እመቤት ደግሞ ካልደገሙ አላስወጣም ብላ በር ላይ ቆማ ነበር። ያኔ ይህን ሁሉ እንደ ግርግር ቆጥረው አልጻፉትም ነበር። አሁን በየአሠራሩ ግርጌ ጻፉት፤ ሥራው ሳምንት ፈጀባቸው። በስልጆው ገጽ ላይ የጨመሩት ግን ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ በሞቴ።

ወገኖቼ፣ የአገራችን ምግብ ዛሬ ባሕር ተሻግሮ በየከተማው ስሙ ይጠራል፤ እሰይ፣ ገና ይጠራል! አሠራሩን ለሌላው ስናስተምርም የበርበሬውን መጠንና የእሳቱን ደቂቃ አሳምረን እንነግራለን። «በሞቴ»ን ግን እያፈርንበት ነው። እንግዳን ማስጨነቅ ነው፣ ኋላ ቀርነት ነው የሚሉም አሉ። እኔ አላፍርበትም። ሰው ነፍሱን አስይዞ «ብላልኝ» የሚልበትን ቋንቋ በመናገሬ እኮራለሁ፤ ደረቴን ነፍቼ እኮራለሁ። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት የሚፈተፈት ጠፍቶባቸው አይደለም። ምግብ ከእሳት ሲወርድ ገና ግማሽ መንገዱ ላይ እንደሆነ ስለገባቸው ነው። የቀረውን መንገድ የሚያደርሰው ለበላተኛው የሚሳሳ ሰው ነው፤ በየትኛውም አገር።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አጠገባችሁ፣ ምናልባትም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም? ለመጨረሻ ጊዜ «በሞቴ» ያለውስ ማን ነው? ካላስታወሳችሁ፣ በሞቴ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ በሉት።