ሁለቱ ምንጮች አንድ ሲሆኑ

አንድ ጊዜ በአንድ ደረቅ ቆላ ሁለት ምንጮች ብቻ ነበሩ፤ የላይኛው የጅብ፣ የታችኛው የቀበሮ። መጠጣት የፈለገ ሁሉ ለባለምንጩ ሸክም ይሸከማል። ሆዳሙ ጅብ ሦስት ሸክም አጥንት ሲጠይቃት፣ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ወደ ቀበሮ ትወርዳለች። ቀበሮም ደንበኛዋ እንዳታመልጣት ለጎሬዋ ጉዝጓዝ በሚሆን አንድ ሸክም ሣር ታጠጣቸው ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮ ጅብ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ምንጮቻችንን አንድ ብናደርጋቸውስ?»

«አጥንቱ ይጨምርልኛል?» አለ ጅብ። ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልታየውም።

«አህያ መሄጃ ስታጣ ያልካትን ሁሉ ትሸከማለች።»

ታዲያ ለዚህ አንበሳ የሾመው ዳኛ ዝንጀሮ መፍቀድ ነበረበት። ዝንጀሮ ድሮ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣለት በእግሩ ወርዶ ጠጪዎቹን አንድ በአንድ ይጠይቅ ነበር። እየቆየ መልእክተኛ መላክ ጀመረ። ዘንድሮማ ከዛፉ ጥላ ሳይነሳ አመልካቾቹን ብቻ መስማት ለምዷል።

«አንድ ከሆናችሁ በኋላ ሸክም ትጨምራላችሁ?» ሲል ከፊቱ የቀረቡትን ሁለቱን ጠየቀ።

«ኧረ በጭራሽ! እንዲያውም እንቀንሳለን» አለች ቀበሮ።

አህያ ከኋላ ሆና ጮኸች። «ጌታዬ ዳኛ፣ ጅብ ሲጨክንብኝ መሄጃዬ እሷ ብቻ ናት!»

«አንቺ አመልካች አይደለሽም» አለና ፈቀደ።

ሳምንት ሳይሞላ ሸክሙ ስድስት ሆነ፤ ለውርንጭላዋ ደግሞ ሌላ ስድስት። አህያ ጀርባዋ እስኪላጥ ብትሸከምም ለሁለት የሚበቃ ሸክም ማድረስ አቃታት። ውርንጭላዋ በጥም ስትወድቅ፣ እናት እየሮጠች ዳኛው ዘንድ ደረሰች።

«ቃላቸውን አፈረሱ!»

«አቤቱታሽን ተቀብያለሁ። ከክረምት በኋላ እናየዋለን።»

«እስከዚያ ልጄ ምን ትጠጣ?»

ዝንጀሮ ግን ግጦሻቸውን አንድ ሊያደርጉ የመጡ ሁለት አመልካቾች ቆመው ነበርና ወደ እነሱ ዞረ። «ሸክም ትጨምራላችሁ?» አላቸው።

አህያ ስትመለስ ውርንጭላዋ ከምንጩ አጥር ሥር ሞታለች። ጅብ አጠገቧ ተቀምጦ ምራቁን ይውጣል።

«ነገ የመጀመሪያው ሸክምሽ ይቺ ትሁን» አላት።

አህያ ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰች። ሲነጋ ግን ጠማት፤ ሌላ ምንጭም አልነበረም። ልጇን ተሸከመች።

ከዚህ የምንማረው፣ ዳኛ የተጠማውን ትቶ ምንጩን የያዙትን ብቻ ሲሰማ፣ ቃላቸው ውሸት መሆኑ የሚጣራው የተጠማው ከሞተ በኋላ መሆኑን ነው።