ስልሳ ጥርስ እስኪጠረግ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን!» እንግዲያስ ጆሯችሁን ወደ ሐይቁ አዙሩ።

ድሮ፣ ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ቡላ የምትባል ጎልማሳ ውሻ ነበረች። ጌታዋ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ ቀን አብራው ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ተሻገረች። እሷ አይጥ ስታባርር ታንኳው ድንጋይ መትቶት ተቀደደ፤ ጌታዋንም ጓደኞቹ በራሳቸው ታንኳ ጭነው ወሰዱት። ቡላ፣ ቀዳዳው ታንኳና መቅዘፊያው ቀሩ። ክረምትም ገባ። ማዕበሉ መጪን ከለከለ፤ ሐይቁም በየቀኑ ከደሴቲቱ አንድ እርምጃ ይቆርስ ጀመር።

ማዶው ቅርብ ነው፤ ግን መሻገሪያውን አዞ ይጠብቀዋል። ይህ አዞ ከአንዲት ወፍ ጋር የቆየ ውል አለው። በየማለዳው ወፏ አፉ ውስጥ ገብታ ስልሳ ጥርሱን ትጠርጋለች፤ ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ ጊዜ «ጪር!» ትላለች። እስክትጨርስ ድረስ አዞ ንቅንቅ አይልም።

«ከስልሳ ጪር በፊት ከተሻገርኩ ዳንኩ» አለች ቡላ።

በደሴቲቱ ጥግ በድንጋይ የታጠረ ኩሬ ነበር፤ ስፋቱ ልክ እንደ መሻገሪያው ነው። ቡላ ዋና ትወዳለች፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የዋኘችው ለደስታዋ ነው፤ አንገቷን እንደ እመቤት ቀና አድርጋ፣ ውሃውን እያንቦጫረቀች። ማለዳ ኩሬው ውስጥ ገባች። ወፏ ስልሳ ስትል ቡላ ገና መሐል ላይ ነበረች።

አዞ አፉ ነፃ ሲሆን ሳቀ። «እሜቴ ቡላ፣ በዚህ ዕድሜ ዋና? እኔ ጥርሴን አስጠርጌ እጠብቅሻለሁ!»

ቡላ አለቀሰች። ይህን ጊዜ ቀዳዳው ታንኳ «ስሚኝ ልጄ» አላት። «እኔ ስሄድ አፍንጫዬና ጭራዬ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ያንቺ አፍንጫ ሰማይ፣ ጭራሽ ጭቃ ውስጥ ነው። አገጭሽን ውሃው ላይ አስተኚ፤ ወገብሽ ራሱ ይነሳል።» አስተኛች። በማግስቱ በስልሳ ጪር ከመሐል አለፈች።

መቅዘፊያው ቁጡ ነው። «ውሃ ምን በደለሽ ትደበድቢዋለሽ? በጥፊ የተመታ ውሃ አይገፋሽም! ያዢው፣ ወደ ኋላሽ ላኪው!» ያዘች፣ ላከች። በማግስቱ ሦስት ክንድ ብቻ ቀራት።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ስትዋኝ ዋለች፣ ስትዋኝ ከረመች፤ ሦስቱ ክንድ ግን አልሞላ አለ። እንቁራሪት ከድንጋዩ ላይ አየቻት።

«እህት ዓለም፣ ድካምና ፍጥነት አንድ መሰለሽ? እኔን እይኝ፦ አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበቴ እፈነጠራለሁ፤ ከዚያ እቀመጣለሁ። ልብሽ እስኪመለስ ፀሐይ ሙቂ፤ ከዚያ እንደገና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ቡላ ተፈነጠረች፣ ሞቀች፤ ተፈነጠረች፣ ሞቀች። አንድ ማለዳ በሃምሳ ሰባተኛው ጪር የኩሬውን ማዶ ድንጋይ ነካች!

በማግስቱ ሐይቁ ኩሬውንም ውጦ ደሴቲቱ ሰሌን ታህል ቀርታ ነበር። ወፏ በቡላ ጆሮ አጠገብ እያለፈች «ዛሬ ተጠንቀቂ» አለቻት። «ትናንት አጥንት ሁለት ጥርሱን ሰብሮበታል። ሃምሳ ስምንት ብቻ ናቸው።»

ቡላ ፈራች። ፈርታም ሐይቁ ውስጥ ገባች። አገጯን አስተኛች፤ ውሃውን ያዘች፣ ላከች፤ ያጠራቀመችውን ጉልበት ሁሉ ለቀቀችው። ሃምሳ አምስት፤ ጪር! ሃምሳ ስድስት፤ ጪር! በሃምሳ ሰባት እግሯ አሸዋ ረገጠ። በሃምሳ ስምንት ወፏ በረረች፤ አዞ ተወርውሮ ደረሰ፣ አፉንም ገጠመ። ያገኘው ውሃ ብቻ ነው።

ታንኳው ከወዲያ ማዶ «እሰይ ልጄ!» አለ። ቁጡው መቅዘፊያ እንኳ «ጎበዝ!» አለ።

አዞ በመገረም «እንዲህ ያለች ዋናተኛ ከየት መጣች? አዲስ እግር አበቀለች እንዴ?» ሲል ወፏን ጠየቃት።

«ያው አራቱ ናቸው» አለችው። «ዕድሜ ልኳን የምታውቀውን ዋና እንደገና ተማረችው።»

የሚያውቁትን መማር ያላሳፈረው፣ ማዶ ይደርሳል። ተረቴም ተሻገረች፤ እንግዲህ ዳቦውን ወደ እኔ አሻግሩልኝ።